ሐተታ በእንተ አምፕሊፋየር፦ በሆለታ ገነት ያገለገለ የጊታር ድምፅ ማጉያ ስለ መግዛትና ስለ ማስጠገን የተደረሰ

መቅድም

ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕል ተጽፏል። ስለ ቅዱሳን ገድል ተደርሷል። ስለ ከዋክብት ዐውደ ነገሥት አለ፤ ስለ ቅጠላ ቅጠልም መጽሐፈ መድኃኒት አለ። ሆለታ ላይ ያገለገለ የጊታር አምፕሊፋየር ሊገዛ ለተነሣ ሰው ግን እስከ ዛሬ አንዲት ብራና አልተፋቀችለትም። ይህን ጉድለት የሚሞላ ከእኛ የበለጠ ሊቅ እስኪነሣ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ጠበቅን። አልተነሣም። ስለዚህ በራሳችን ጥያቄና በራሳችን ፈቃድ ብዕር አንሥተናል።

አስቀድመን የጥናቱን ወሰን እንከልል። ሆለታ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ቡራዩንና መናገሻን አልፈው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተውባታል፤ ገነትም ተብላለች። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት አቋቁመው ዕጩ መኮንኖች አሠልጥነውባታል። በዘመናችን ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የንብ ምርምር ማዕከልና የጽጌረዳ እርሻዎች አሏት። እንግዲህ ጦሩም፣ ድንቹም፣ ንቡም፣ አበባውም በየተራ ተጠንተውባታል። የቀረው አምፕሊፋየር ብቻ ነበር።

ሰነፍ ተማሪ «መርካቶ ምን ሆነና?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በመርካቶው ምናለሽ ተራ ዕቃው አለ፤ ታሪኩ የለም። ማን እንደ ሸጠው፣ ማን እንደ ፈታው፣ ስንት ሰርግ እንደ ዞረ የሚመሰክር አይገኝም። ሆለታ ላይ ግን ሻጩም፣ ከሻጩ በፊት የነበረው ባለቤትም፣ አምፑን የፈታው ጠጋኝም አንድ ጀበና ከቦ ሊገኝ ይችላል። ለተመራማሪ ከዚህ የሚሻል መዝገብ ቤት የለም። የዕቃው ምንጮችም የታወቁ ናቸው። መሣሪያዋን ያሻሻለች ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑን አሮጌ አምፕ ትሸጣለች፤ የሰርግ ባንድ ሲበተን ንብረቱን ይካፈላል፤ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ «ይጠቅማችኋል» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ በሦስተኛው ላይ ቆይተን እንመለስበታለን፤ ከሦስቱ የከፋው እሱ ነውና።

ስለ ነገሩ ባሕርይም ጥቂት እንበል። ከኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት የሚወጣው ኃይል የአንድ ቮልት ስባሪ ነው። አምፕሊፋየሩ ያንን ደረጃ በደረጃ አሳድጎ ስፒከር የሚያንቀጠቅጥ ያደርገዋል። ሥራውን የጀመረው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራው ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ በቤል ላብራቶሪ የተወለደው ትራንዚስተር ርስቱን ከቫልቭ ወረሰ፤ ከራዲዮም ከቴሌቪዥንም አስወጣው። ጊታሪስቶች ግን እስከ ዛሬ ይግባኝ ላይ ናቸው። ሞንታርቦ፣ ማለትም በአገራችን ትልቅ ስፒከር ሁሉ በስሙ የሚጠራበት ያ የጣሊያን ምርት፣ የሰጡትን ድምፅ እንዳለ ለማስተላለፍ ይጥራል። የጊታር አምፕ እንዲህ ያለ ሐቀኝነት የለበትም። ከፍ ሲያደርጉት ድምፁን ያሻክረዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ያደምቀዋል፤ ስፒከሩም ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አይናገርም። ስለዚህ ሻጩ ስልኩን ሰክቶ ዘፈን ቢያስደምጥህ ያወቅኸው የዘፈን ምርጫውን ብቻ ነው።

ምዕራፍ አንድ፤ «ኦርጅናል ነው» ስለሚባለው ክርክር

የሻጭ የመጀመሪያ ቃል «ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው» የሚል ነው። የገዢም የመጀመሪያ ጥያቄ «ኦርጅናል ነው?» የሚል ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ እንዲህ መስማማታቸው ያስደንቃል፤ የተስማሙበት ነገር ግን በዓለም ላይ የለም። የሐተታችን ራስ ይህ ነው። ማስረጃውም እነሆ።

የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ቤዝማን የተባለውን አምፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በታወቀው ቅርጹ አወጣ። ስሙ እንደሚመሰክረው ለቤዝ ጊታር የታሰበ ነበር፤ ሊድ ጊታሪስቶች ቀሙት። ፌንደርም ቢሆን ንድፉን ከሰማይ አላወረደውም። የቫልቭ አምራቾች ለደንበኞቻቸው ያሳተሟቸው የንድፍ መጻሕፍት ነበሩ፤ ከእነሱ ተነሥቶ ነው የቀጠለው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው የከበሮ መምህር ጂም ማርሻል ተነሣ። የአሜሪካው ዕቃ ተወዶ ደንበኞቹ ሲቸገሩ፣ ከሱቁ ቴክኒሻኖች ጋር ሆኖ የቤዝማንን አሠራር ተከትሎ በእንግሊዝ አገር በሚገኝ ዕቃ መሰሉን አሠራ። ስፒከሩ ሌላ ሆነ፤ ትራንስፎርመሩ ሌላ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ቫልቩ ሌላ ሆነ። ድምፁም በዚያው ልክ ሌላ ሆነ። ዓለም «የማርሻል ድምፅ» እያለ የሚሰግድለት እንግዲህ ከጎረቤት የተገኘ መለዋወጫ ያመጣው ልዩነት ነው።

ሆለታ ላይ አንድ ጠጋኝ ከተጣለ ቴሌቪዥን ካፓሲተር ነቅሎ አምፕ ውስጥ ሲያስገባ «ኦርጅናልነቱን አጠፋው» የሚል ሰው ካለ፣ አስቀድሞ ለንደን ሄዶ ማርሻልን ይክሰስ።

በአገራችንም ነገሩ እንዲሁ ነበር። አስመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካውያን ክበቦች በኩል፣ በአዲስ አበባም በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች በኩል የገባው መሣሪያ ብዙ ጊዜ የተጫዋቹ አልነበረም፤ የቤቱ ነበር። ባንዱ ይቀየራል፤ አምፑ እዚያው ይቀመጣል። ማሕሙድ አሕመድ በ1967 ዓ.ም. «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲያስቀርጽ፣ ዋልያስ ባንድ ሒልተን ሲጫወት፣ ከዚያም ሮሃ ባንድ አይቤክስን ሲተካ፣ ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። ታዳሚው ሰዓት እላፊው ሳይጀምር ወደ ክበቡ ይገባል፤ እስኪነጋም አይወጣም። አምፑም አብሮ ያድራል። ቫልቭ በየሌሊቱ እንዲህ ሲነድድ የሚያረጀውን ያህል ያረጃል፤ መለዋወጫው ደግሞ እንደልብ አይመጣም። እነዚያን አምፖች ለተከታዩ ሌሊት ያደረሰ እጅ በሸክላውም በካሴቱም ሽፋን ላይ ስሙ አልተጻፈም። ዘፋኙ አለ፣ አቀናባሪው አለ፣ አሳታሚው አለ፤ ጠጋኙ የለም። ይህን ግፍ ለሌላ ድርሳን አቆይተነዋል።

ስለዚህ «ኦርጅናል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ ይሻርልን። የሚተካው «ማን ፈታው?» የሚለው ነው።

ምዕራፍ ሁለት፤ ስለ ፍተሻ

ታላቁ ሕግ፦ መብራት በጠፋበት ሰዓት አምፕ አይገዛም። «መብራት የለም እንጂ ይሠራ ነበር» የሚል ቃል በፍርድ ቤት ቢቀርብ ማስረጃ አይሆንም። በሆለታ ገበያ ግን ቀብድ የሚያስከፍል ቃል ነው። ሻጩ የዋጋውን ክርክር የሚያጣድፈው መብራቱ ሳይመጣ እንደሆነ ልብ በል። አንተ ቡና አዝዘህ ተቀመጥ። መብራቱ ይመጣል።

ሁለተኛው ምስክር የብሎን ራስ ነው። ሰው ይዋሻል፤ ብሎን አይዋሽም። «ተከፍቶ አያውቅም» የተባለ አምፕ የብሎኑ መስቀል ተበልቶ ክብ ከሆነ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ብዙ እንግዳ ተቀብሏል። ከተፈቀደልህ ከፍተህ ሊዱን ተመልከት። የፋብሪካው ብየዳ ትንሽ፣ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ የችኮላው ብየዳ ትልቅ፣ ደብዛዛና የተጨማለቀ ነው። የፊውዙን ቤትም አትለፈው። በፊውዙ ፈንታ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኘህ፣ ያ አምፕ የተቃጠለበትን ምክንያት ሳይሆን ምልክቱን ብቻ ያስወገደ ሰው እጅ ላይ ነበር ማለት ነው። ዋጋውን በግማሽ ጥራ፤ ወይም ጫማህን አጥብቀህ እሰር።

ሦስተኛው አፍንጫ ነው። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ ከአንድ ክረምት በላይ ይቆያል፤ በሽቶ አይሸፈንም። ተሞክሯል።

ስፒከሩን ለመመርመር የባትሪ ድንጋይና ሁለት ሽቦ ይበቃል። 1.5 ቮልቱን ለአፍታ ሲያስነኩት ወረቀቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዘለል ካለ ሕይወት አለው። በቴስተር ሲለካ 8 ኦም የተባለው ስፒከር 6 ገደማ ያሳያል፤ ይህን አይቶ «ጎድሏል» ብሎ የሚከራከር ገዢ ራሱን ያዋርዳል። በጣቶችህ ወረቀቱን በእኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ስማ። ከውስጥ የሚፋተግ ድምፅ ካለ ጥምጥም ሽቦው ከመሐል ወጥቷል።

ስለ ዋት የሚነገረው ጉራም ይመርመር። «100 ዋት ነው!» ሲባል ገዢው ከጎረቤቱ ባለ 10 ዋት አምፕ አሥር እጥፍ የሚጮህ ይመስለዋል። የሰው ጆሮ ግን እንዲህ አይቆጥርም፤ ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ጆሮ የሚሰማው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በ15 እና በ30 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ለመስማት ጸጥታና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በሰርግ ቤት የሉም።

አሁን ወደ ዘመድ ስጦታ እንመለስ። ከአሜሪካ የመጣው አምፕ ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተብሎ ተጽፏል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከሰኩት ትምህርቱ ፈጣን ነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሲገዙለት ቮልቱ ይስተካከላል፤ ኸርዙ ግን አይነካም፣ 50 እንደሆነ ይቀራል። ለ60 ኸርዝ ብረቱ ተቆጥቦ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከልኩ በላይ ይሞቃል። በዚህ ላይ ሆለታ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው ደኅና ይሠራል ብለው የሚፈርሙት እስከ 2000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀት በቀላሉ አይሸኝም። ሰው ሆለታ ሲደርስ ጋቢ ይደርባል፤ አምፑ ግን ማራገቢያ ይለምናል። ስጦታውን ለላከው ዘመድ ይህን መንገር ነውር ስለሆነ አይነገርም። ጀርባው ላይ 115/230 የሚል መቀያየሪያ ያለው ከሆነ ግን ዘመዱ ይመሰገን፤ መቀያየሪያውም ከመሰካቱ በፊት ይታይ።

ምዕራፍ ሦስት፤ የእምምታ ትርጓሜ

ይህ ምዕራፍ የድርሳኑ ልብ ነው። አንባቢ ቡናውን ጨርሶ ይግባበት።

አምፑ ተለኩሶ፣ ማንም ሳይነካው፣ እምምም ይላል። መሃይም «ይጮኻል» ብሎ ያልፈዋል። ሻጩ «ሲሞቅ ይተዋል» ይላል። እኛ በአባቶች ሥርዓት እንተረጉመዋለን።

እምም ይላል ያለው፣ አንድም ጊታሩ ነው። የጊታሩን ድምፅ ማዞሪያ ወደ ዜሮ መልሰው፤ እምምታው አብሮ ከጠፋ አምፑ ንጹሕ ነው። ማግኔቱ ከቤቱ ሽቦና ከፍሎረሰንቱ የለቀመውን ነው የሚያወራው። ጊታሩን ይዘህ ዘወር በል፤ በአንዱ አቅጣጫ ይቀንሳል። ሆለታ ላይ ፊቱን ወደ አዲስ ዓለም አዙሮ ብቻ የሚጫወት ጊታሪስት ቢያጋጥምህ አትሳቅበት፤ ጸጥታውን ያገኘው በዚያ በኩል ነው።

አንድም ገመዱ ነው። ገመዱን ወዝውዘው፤ ከተንኮሻኮሸ ጫፉ ላይ ያለው ብየዳ ለቅቋል። ይህ ትርጓሜ ቀላል ስለሆነ ሊቃውንት ይንቁታል፤ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ግን እሱ ነው።

አንድም ኤርዝ ነው። በብዙ አሮጌ ቤት ሶኬቱ ላይ የኤርዝ ቦታ አለ፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ከአሜሪካ የመጡ የድሮ አምፖች ደግሞ ጭራሽ ባለ ሁለት ጥርስ ገመድ ይዘው፣ አንዲት ካፓሲተር ከመብራቱ መስመር ወደ ብረት አካላቸው ተዘርግታባቸው ይመጣሉ። ይህች ካፓሲተር ከተበላሸች የአምፑ ብረት፣ በገመዱ በኩል የጊታሩ ክር፣ በክሩ በኩልም የጊታሪስቱ እጅ መብራት ላይ ይሆናሉ። ጊታሪስቱ ለመዘመር ሲጠጋ ከንፈሩ ማይክራፎኑን ይነካል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንዳንድ ምእመን በመንፈስ መነካት አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል ጠጋኝ በጊዜው አይጠራም። በዚህ ጉዳይ ቀልዳችንን አቁመን እንናገራለን፦ ያቺ ካፓሲተር ትውጣ፤ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይግባ፤ ሦስተኛው ሽቦ ከብረቱ ጋር በብሎን ይታሰር፤ የቤቱም ኤርዝ በእውነት መሬት ይንካ።

አንድም ፊልተር ካፓሲተሩ ነው። ወደ አምፑ የሚገባው መብራት ተገላባጭ ነው፤ ቫልቭ የሚፈልገው ቀጥተኛውን ነው። ሬክቲፋየሩ ያቀናዋል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ የቀረውን ሞገድ ያስተኛል። የካፓሲተሩ ውስጥ ዕርጥበት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሙቀት ለዓመታት ሲያደርቀው ሞገዱን ማስተኛት ያቅተዋል። በዚህና በቀደሙት ትርጓሜዎች መካከል የሚፈርደው ጆሮ ነው። ከመስመሩ በቀጥታ የሾለከው እምምታ 50 ኸርዝ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ወፍራም። ከሬክቲፋየሩ በኋላ ያመለጠው እጥፉ፣ 100 ኸርዝ ነው፤ ሻካራ፣ ቀጠን ያለ። ለመለየት መሣሪያ አያሻም። የጊታሩ ስድስተኛ ክር ሦስተኛው ቤት ላይ ሲያዝ 98 ኸርዝ ሶል ነው። ምታውና እንስማው፤ እምምታው ከእሱ ጋር ሊገጥም ጥቂት ቀርቶት በሰከንድ ሁለቴ ያህል ሞገድ ሞገድ ካለ፣ ካፓሲተሩ አርጅቷል።

እዚህ ላይ እስከ ዛሬ ማንም በቂ ክብር ያልሰጠው ግኝት አለን። አሜሪካ ውስጥ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ ያለ አምፕ የሚያጉረመርመው በሲ ቤሞልና በሲ መካከል፣ ፒያኖ በማያውቀው ስንጥቅ ላይ ነው። ያው አምፕ ሆለታ ሲደርስ ወደ ሶል ይወርዳል። አገር የለወጠ አምፕ ቅኝቱንም ይለውጣል ማለት ነው። ትዝታን ከሶል ለሚጫወት ሰው ከዚህ የበለጠ ታማኝ አጃቢ የለም፤ ክፍያም አይጠይቅም። በጄኔሬተር በሚሠራ ሰርግ ላይ ግን አትመነው። ጄኔሬተሩ ምድጃና መብራት ሲጫንበት ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ እምምታውም አብሮት ይዋዥቃል። አማትየው የወጥ ማሞቂያውን በሰኩ ቁጥር ቅኝቱ ወደ ታች ሲሸራተት ሰምተናል።

አንድም ተጣማጆቹ ቫልቮች ናቸው። በብዙ አምፕ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሁለት ቫልቮች እየተቀባበሉ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲደክም እርስ በርስ ይሰርዙት የነበረው እምምታ ይወጣል። አንዱን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማዳን ይመስላል፤ አያድንም።

የንብ ምርምር ማዕከል በከተማዋ እያለ በእምምታ ላይ አንድ የጋራ ጥናት አለመደረጉ ለሁለቱም ዘርፎች ጉዳት ነው። ሐሳቡን ለማቅረብ ዝግጁ ነን፤ ደብዳቤያችን ተጽፏል፣ ማኅተም ብቻ ይቀረዋል።

ምዕራፍ አራት፤ ስለ ጠጋኝና ስለ ጥገና

ጠጋኙ ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ባሉበት ጠባብ ሱቅ ይገኛል። ወጣት ነው። ጊታር አይጫወትም። እኛ የገዛነውን የሚያጉረመርም አምፕ ይዘንለት ሄደን፣ ስለ ቫልቭ ታሪክ ከዲ ፎረስት ጀምረን ስናስረዳው፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ብርሃን ከለከሉኝ» አለን። ትሑት ሊቅ ስለሆንን ዞር አልን፤ ትምህርቱን ግን አላቋረጥንም።

መጀመሪያ ያደረገው አምፑን ሳይሰካ ማቆየት ነው። ቫልቭ ያለበት አምፕ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጥቁር ገበያ ዕውቀት ይህ በካቻቢቴ ጫፍ ጣ! ተደርጎ ይወጣል፤ ካፓሲተሩም ካቻቢቴውም ይጎዳሉ። እሱ ግን ትልቅ ሬዚስተር በሽቦ ጫፍ በይዶ፣ ቀስ ብሎ አፍስሶት፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አየ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። እኛ በአረጋዊ ፊት ኪስ ውስጥ እጅ መክተት ነውር መሆኑን ልንገሥጸው ስንል፣ ምክንያቱን ነገረን፦ በአንድ እጅ የሚሠራ ሰው መብራት ቢይዘው በደረቱ አልፎ ልቡን የሚያገኝበት መንገድ ያጣል። ተግሣጹን መልሰን ዋጥነው።

ቀጥሎ አምፑን ከባለ 100 ዋት አምፖል ጋር በተከታታይ አሠረው። አምፑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ጉዳቱን ለራሱ ይወስዳል፤ ከሌለ ለአፍታ በርቶ ይደበዝዛል። ይህ ጥበብ የሚሠራው ክር ባለው የድሮ አምፖል ብቻ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በየቤቱ ከታደለ ወዲህ ግን የድሮው አምፖል ብርቅ ሆኗል፤ ጠጋኙ ያለውን አንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። አምፖሉ በራ፤ ደበዘዘም። ሾርት የለም። የሚያጉረመርመው ካፓሲተሩ ነበር፤ ስድስተኛው ክር መስክሮበታል።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ነው። አምፑ 450 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል ካፓሲተር ይፈልጋል። ጠጋኙ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች የነቀላቸው 220 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት ካፓሲተሮች ብቻ ነበሩት፤ 220 ቮልት መስመር ሲቀና 311 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ቴሌቪዥን ከ400 በላይ አያሻውም። እኛ «ከልክ በታች የሆነ ካፓሲተር ይፈነዳል፤ መርካቶ ይኬድ» ብለን ፈረድን። እሱ ዝም ብሎ ሁለቱን በተከታታይ በየዳቸው። እንዲህ ሲሆን የሚችሉት ቮልት ይደመርና 800 ይሆናል፤ መጠናቸው በግማሽ ወርዶ 110 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ቮልቱን እኩል እንዲካፈሉ በየአንዳንዳቸው ላይ እኩል ሬዚስተር ደረበ።

ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በትልልቆቹ አምፖቹ ላይ ያደረገው በትክክል ይህንኑ ነው፤ ሁለት ባለ 350 ቮልት ካፓሲተሮች በተከታታይ፣ በየአንዳንዳቸው ላይ 220 ኪሎኦም ሬዚስተር። ወጣቱ የፌንደርን ንድፍ አይቶ አያውቅም። በሁለት አህጉር፣ በስድሳ ዓመት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት እጥረት አንድ ዓይነት መልስ አወጣ። ታዲያ ከሁለቱ ማንኛው ነው ኮፒ? በምዕራፍ አንድ የተናገርነው ሁሉ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተፈጸመ፤ ወጣቱን ወደዚህ መፍትሔ የመራውም ተቃውሟችን እንደሆነ ለታሪክ ይመዝገብ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የሚንኮሻኮሹ ማዞሪያዎች በኮንታክት ስፕሬይ ታጠቡ። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ብየዳው ተሰንጥቆ ነበርና ሊዱ ታደሰ። ስፒከሩ ሳይታሰር ቫልቭ አምፕ እንዳይለኮስ ጠጋኙ ለእኛ ደጋግሞ አስጠነቀቀን፤ ጭነት ያጣ የመውጫ ትራንስፎርመር ራሱን ያቃጥላልና። ለእኛ መንገሩ አስፈላጊ ባይሆንም ተቀብለናል።

ምዕራፍ አምስት፤ ስለ ዋጋ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሻጩ ይህን ያውቃል። አምፑ ወደ አገር የገባው ከዚያ በፊት መሆኑን ግን ሊያስታውስ አይወድም። ከዚህ በላይ ስለ ዋጋ መናገር ከሊቅ አይጠበቅም፤ ደላላ ይጠየቅ።

ምዕራፍ ስድስት፤ ስለ መጨረሻው ፍተሻና ስለ አከራይ መብት

ቫልቭ አምፕ ጠባዩን የሚገልጠው ሲጮህ ነው። ማዞሪያው 2 ላይ እያለ ሁሉም አምፕ ጨዋ ነው። ቫልቮቹ መጨናነቅ የሚጀምሩት፣ ትራንስፎርመሩ መሞቁ የሚታወቀው፣ የላላ ብሎን የሚንቀጠቀጠው ከ5 በላይ ነው። ስለዚህ ሳይንስ 7ን ይጠይቃል። ቤቱ ግን የአከራያችን ነው፤ ግድግዳውም ጭቃ ነው።

አከራያችን ከዚህ በፊት ከአምፑ ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ሪቨርብ የሚባለው ማስተጋቢያ በድሮ አምፕ ውስጥ ሳጥን ላይ የተዘረጉ ቀጫጭን ስፕሪንጎች ናቸው፤ አምፑ በርቶ እያለ ከተነካካ ስፕሪንጎቹ ይጋጩና ሰማይ የተሰነጠቀ ይመስላል። አምፑን ከጠረጴዛ ወደ ወለል ስናወርድ ሳናጠፋው ነበርና፣ አከራያችን ግቢ ያሰጡትን በርበሬ ሰብስበው ሮጠው አስገቡ። ፀሐይዋ ግን እንደ ወጣች ነበረች። ዝናቡን እስከ ምሳ ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ነው «መምህር፣ ከ2 እንዳያልፍ» የሚለው ድንጋጌ የወጣው። እኛ በትሕትና ተከራከርን። የሰው ጆሮ ድምፅን የሚመዝነው በእጥፍ እጥፍ እንጂ በድምር አለመሆኑን፣ ኃይሉ በጣም ቢጨምር እንኳ ከ2 ወደ 3 ያለው ልዩነት ለሚሰማ ሰው እጅግ ትንሽ መሆኑን አብራራን። አከራያችን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙን። ከዚያም፣ «እንዲያ ትንሽ ከሆነ፣ እርስዎን ምን አጓጓዎት?» አሉን።

ለዚህ በመጻሕፍቶቻችን መልስ ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ በ7 ላይ የሚደረገው ፍተሻ እሳቸው ገበያ ወደሚወጡበት ቀን ተላልፏል። ጠጋኙም ያን ዕለት ይመጣል፤ ጊታር የሚጫወት የአክስቱን ልጅ ይዞ፣ ለቀሪ ሒሳቡም ጭምር።